ቁራሌው ከመውሰዱ በፊት፦ ያገለገለ ዕቃ ገዝቶ በኦንላይን አትርፎ መሸጥ

በእኛ ሰፈር ጠዋት ከዶሮ ቀጥሎ የሚሰማው የቁራሌው ድምፅ ነው። «ቁራሌው! ያረጀ ብረት፣ የተሰበረ ባልዲ፣ ባትሪ ያለው!» እያለ ደብረ ብርሃንን ከታች እስከ ላይ ያዳርሳታል። ካቻምና አንድ ቅዳሜ ይህ ሰው ጎረቤቴ ደጅ ላይ ቆሞ የስፌት ማሽን በሚዛን ሲመዝን ደረስኩ። ሲንጀር ነው። በእጅ የሚዞር፣ ጥቁር፣ ወርቃማ ሐረጉ እዚህም እዚያም የለቀቀ፣ አቧራ የጠጣ። የጎረቤቴ እናት ነበር የሚሰፉበት። አሁን በኪሎ፣ በብረት ዋጋ ሊሄድ ነው።

«እትዬ፣ ቆይ አይስጡት። እኔ ልግዛዎት» አልኳቸው።

«አንተ ደግሞ ምን ሊያደርግልህ? ልብስ ሰፊ ልትሆን ነው?»

ቁራሌው ሊሰጣቸው ካሰበው ከእጥፍ በላይ፣ 1,500 ብር ከፍዬ ወሰድኩት። ሁለት ማታ ሙሉ ስወለውለውና ዘይት ሳጠጣው አመሸሁ። ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩት። በዘጠነኛው ቀን አዲስ አበባ ካፌ የምትከፍት ልጅ በ5,200 ብር ገዛችው። ልትሰፋበት አይደለም። መደርደሪያ ላይ ለጌጥ ልታስቀምጠው ነው። ያ ሁሉ ዘይት!

ሥራውን እንዲህ ነው የጀመርኩት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዕቃ በእጄ አልፏል፤ አንዳንዱ አትርፎኛል፣ አንዳንዱ አክስሮኛል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሆናችሁ ይህን መሞከር ለምታስቡ እኔ የምሠራበትን መንገድ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ለመነሻ ካሜራው ደህና የሆነ ስልክ፣ ጥቂት ሺህ ብርና አንድ ደብተር ይበቃል።

1. አንድ ዓይነት ዕቃ ምረጡ

ጀማሪን የሚያከስረው ያገኘውን ሁሉ መግዛቱ ነው። ዛሬ ጫማ፣ ነገ ቴሌቪዥን፣ ከነገ ወዲያ ሶፋ። የማታውቁትን ዕቃ ስትገዙ ሻጩ ከእናንተ ይበልጣል። አንድ ዓይነት ዕቃ ይዛችሁ ሦስት አራት ወር ከሠራችሁ ግን ዓይናችሁ ይከፈታል፤ ገና ከሩቁ ታውቁታላችሁ።

አካባቢያችን የራሱ ሀብት አለው። የመንዝ የሱፍ ሥራ አንዱ ነው፤ ባና (ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ)፣ ዝተት፣ በርኖስ። ድሮ የበግ ጠጉር ፈትሎ መልበስ የኑሮ ጉዳይ ነበር። ዛሬ ቤቱ ውስጥ ተጣጥፎ የተቀመጠ ባና ያለው ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ልጆቹ ግን ከፋብሪካ ብርድ ልብስ ሥር ነው የሚተኙት። አዲስ አበባ ያለ ሰው ደግሞ ያንን ባና ሶፋ ላይ ጣል ሊያደርገው ይፈልጋል። ሌላው የተማሪ ዕቃ ነው፤ ላፕቶፕ፣ ስልክ፣ ካልኩሌተር፣ ጃኬት። ሦስተኛው የሠራተኛ ቤት ዕቃ። ዝውውር የደረሰው መምህር ወይም የባንክ ሠራተኛ አልጋና ቁም ሣጥን ጭኖ ከመሄድ ሸጦ መሄድ ይመርጣል።

እኔ የማልነካቸውም አሉ። ፍሪጅ አልገዛም፤ ማጓጓዣው ትርፉን ይበላዋል። ሶሉ የደረቀ ጫማ አልገዛም፤ ፎቶ ላይ አዲስ ይመስላል፣ ሁለት ቀን ሲረገጥ ይገነጠላል። በቦንዳ የሚመጣ ልባሽ ጨርቅም አልነካም። ለንግድ ከውጭ ማስገባቱ የተከለከለ ነው፤ መንገድ ላይ ከተያዘ ገንዘባችሁም አብሮ ይያዛል። ልብስ ከሆነ ምርጫችሁ እዚሁ አገር ውስጥ ከተለበሰው፣ ከሰው ቤት ግዙ።

ደጋና ቆላው ጎረቤት መሆኑን ተጠቀሙበት። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። የጣርማ በርን ዋሻ አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከፍታው 1,300 ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ ወፍራም ካፖርት ማን ይፈልገዋል? ከደጋ ተዛውሮ የወረደ ሰው ጓዳው ውስጥ ጠቅልሎ አስቀምጦታል። ጠይቁ፣ በርካሽ ታገኛላችሁ። ቬንትሌተር ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ቬንትሌተር ያለው ሰው ለምን እንደገዛው ራሱም አያውቅም።

ስለ ጃኬት ካነሳን አይቀር፣ የሌላ አገር ሰው ብርድ ሲባል ክረምት ይመስለዋል። እኛ ጋ አጥንት የሚሰብረው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ውርጭ ነው። ስለዚህ ጃኬትና ብርድ ልብስ የምገዛው ሚያዝያና ግንቦት ላይ፣ ሰው ሁሉ ሲረሳው ነው። የምሸጠው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው፤ ከቆላ የመጣ አዲስ ተማሪ በስስ ሹራብ ሲንቀጠቀጥ።

2. ከየት ይገኛል?

ቁራሌውን ወዳጅ አድርጉት። የእኔው ያን ቅዳሜ አኩርፎኝ ነበር። በሳምንቱ ሻይ ጋበዝኩትና እንዲህ ተስማማን፤ ብረት ያልሆነ፣ ወይም ብረት ሆኖ መልክ ያለው ዕቃ ሲያገኝ ይደውልልኛል፤ ከኪሎው ዋጋ ላይ ጨምሬ እወስዳለሁ። በቀን ስንት ቤት እንደሚያንኳኳ አስቡት። እኔ በወር የማላየውን እሱ ከምሳ በፊት ያያል። እሱ የሰበሰበው ደግሞ መጨረሻው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። እዚያ ከደረሰ በኋላ ዋጋው የእኛ አይደለም። ልዋጭ የሚሉትም እንዲሁ ናቸው፤ በፕላስቲክ ሳፋ የለወጡት ልብስ ውስጥ አንዳንዴ ደህና ካፖርት አይጠፋም።

ተማሪዎች ሲመረቁ ዩኒቨርሲቲው ግቢ በር አካባቢ የሚለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። የተማሪዎችን የቴሌግራም ግሩፕም ተከታተሉ። የመጨረሻ ፈተና ካለቀ እስከ መኪና መሳፈሪያ ያለው ሁለትና ሦስት ቀን ነው ዋናው ጊዜ። የሚሄድ ሰው አይከራከርም።

መሥሪያ ቤቶችና ግብረ ሠናይ ድርጅቶች የሚወገድ ንብረት በጨረታ ይሸጣሉ። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ፕሪንተር፣ የፋይል ሣጥን። ማስታወቂያው በጋዜጣ ይወጣል፣ በር ላይም ይለጠፋል። ሰነዱን መግዛትና ብዙ ጊዜ ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ማስያዝ ያስፈልጋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ጨረታው አብዛኛውን ጊዜ በጥቅል ነው። አሥር ወንበር ፈልጋችሁ አሥር ወንበርና አርባ የተሰበረ ኪቦርድ ታነሳላችሁ። ማንሻ ቀኑም የተቆረጠ ነው። ማስቀመጫ ቦታ ሳትይዙ አትግቡበት።

ከሰው ቤት ስትገዙ ደግሞ ስለ ሽማግሌዎችና ስለ ባልቴቶች አንድ ነገር ልበል። አንዲት እናት ባናቸውን «የፈለግከውን ስጠኝ ልጄ» ሊሏችሁ ይችላሉ። የፈለጋችሁትን አትስጡ። «እማማ፣ እኔ አዲስ አበባ በዚህ ያህል እሸጠዋለሁ፤ ለመኪናና ለማጠቢያ ይህን አወጣለሁ፤ ለእርስዎ ይህን ብሰጥዎትስ?» በሉ። ሞኝነት የሚመስለው ይኖራል። ግን በእኛ ከተማ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። እኚያው እናት ለጽዋ ማኅበራቸው ይነግራሉ። ለእኔ ከአንድ ቤት አራት ቤት የተከፈተልኝ እንደዚህ ነው።

3. የማይገዛ ዕቃ

የተሰረቀ ዕቃ እያወቁ መግዛት ራሱ ወንጀል ነው፤ «ገዛሁት እንጂ አልሰረቅሁትም» ማለት አያድንም። ስልክና ላፕቶፕ ስትገዙ የሻጩን መታወቂያ ኮፒ ያዙ፤ አጭር የሽያጭ ውል ጻፉ፤ ምስክር አስፈርሙ። ስልክ ላይ *#06# ደውሉና የሚወጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር ውሉ ላይ አስፍሩት። ካርቶኑ ካለ ከካርቶኑ ጋር አመሳክሩት። ሻጩ ይህን ሲሰማ «ኧረ ተወው» ብሎ ከሄደ፣ በጎ አደረገላችሁ።

ሁለተኛው ቅርስ ነው። አንኮበርና መንዝ ዕድሜ ጠገብ አገር ናቸው፤ አንድ ሰው ብራና ወይም የቤተ ክርስቲያን መስቀል በጨርቅ ጠቅልሎ ሊያሳያችሁ ይችላል። እጃችሁን ሰብስቡ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ይጠብቃል። ቲክቶክ ላይ «ጥንታዊ» ብሎ ብራና መለጠፍ ራስን በራስ መክሰስ ነው።

ጠገራ ብርም፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት የድሮ የብር ሳንቲም፣ ይመጣላችኋል። ሰው «1780 ተጽፎበታል፣ ከ200 ዓመት በላይ ነው» ብሎ ይምላል። ማሪያ ቴሬዛ ከሞተችበት ዓመት በኋላ የተመቱት ሁሉ፣ ትናንት የተመታው ሳይቀር፣ 1780 ነው የሚሉት። ዓመቱ ምንም አይነግራችሁም። የአሮጌ ሳንቲም ንግድ ከቅርስ ሕግ ጋርም ያነካካል፤ እኔ አልገባበትም።

4. ፍተሻ

ባና ነው ብለው የሚያመጡት ሁሉ ሱፍ አይደለም። ከጫፉ አንዲት ክር ምዘዙና በክብሪት ለኩሷት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ አመዱ በጣት ሲነካ ይደቅቃል። ፕላስቲክነት ያለው ክር ከሆነ ይቀልጥና እንደ ዶቃ ጠንካራ ሆኖ ይቀራል። ባለቤቱን ግን አስፈቅዱ! ከዚያ ባናውን ወደ ብርሃን አንሡና ተመልከቱ። እንደ ወንፊት ብርሃን የሚያሳልፍ ነጥብ ካለ ብል ገብቶበታል። አንድ ሁለት ቀዳዳ ይጠቀማል፤ ዋጋ ታስቀንሱበታላችሁ። አሥር ከሆነ ተዉት።

ስፌት ማሽን ከሆነ መርፌውን አውጡና መዘውሩን በእጅ አዙሩ። ከደረቀ ዘይት የተነሣ ቢከብድ አያስፈራም። ቋ ብሎ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ግን ውስጡ የተሰበረ ነገር አለ። ከታች የምትገባው ትንሿ የክር ማስቀመጫ መኖሯንም እዩ። እሷ ከጠፋች ገዝቶ መተካት ያስቸግራል፤ ሻጮች ደግሞ እሷን ነው የሚጥሏት።

ላፕቶፕ ላይ ሻጩ ቻርጀር ሰክቶ ነው የሚያሳያችሁ። ንቀሉት። ቪዲዮ ክፈቱና ሻይ እየጠጣችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ስልክ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት አካውንቱን እፊታችሁ ያውጣ፤ «ቤት ሄጄ አወጣልሃለሁ» አይሠራም። ሬዲዮና ቴፕ ከሆነ ድምፁን እስከ መጨረሻ ክፈቱት። ይቺን የማውቃት በገንዘቤ ነው፤ ኋላ እነግራችኋለሁ።

5. ሒሳቡን ከመግዛት በፊት ሥሩ

መጀመሪያ ያው ዕቃ በስንት እየተሸጠ እንደሆነ ጂጂ (የዕቃ መሸጫ ድረ ገጽ ነው)፣ ፌስቡክ ማርኬትፕሌስና የቴሌግራም ቻናሎች ላይ እዩ። የተጻፈው ዋጋ የተሸጠበት ዋጋ እንዳይመስላችሁ። «ተሸጧል» የተባለውን ፈልጉ፤ ወይም ከተጻፈው ላይ አሥር አሥራ አምስት በመቶ ቀንሱ። ከዚያ ላይ ጥገና፣ ማጠቢያ፣ ማሸጊያና መኪና ይቀነሳል። የቀረውን ለሁለት እከፍለዋለሁ። ግማሹ የመግዣ ጣሪያዬ ነው፤ ከዚያ አልፌ አልገዛም።

የሲንጀሩን ገጽ ከደብተሬ ላንብብላችሁ። ይሸጥበታል ያልኩት 4,500። ወጪ ይሆናል ያልኩት 500። የቀረው 4,000፣ ግማሹ 2,000። በ1,500 ገዛሁ። ለዘይት፣ ለመርፌና ለአንዲት ጎማ 250 ወጣ። ለካርቶንና ለፕላስተር 50። ለመኪና 200። በ5,200 ሲሸጥ 3,200 ብር ተረፈ። ደስ ይላል። ግን ከሱ በታች ያለው መስመር ላይ የተመዘገበው ፕሪንተር ስምንት ወር ተቀምጦ በገዛሁበት ዋጋ ነው የሄደው። ሁለቱን ደምሮ ማየት ነው። የራሳችሁን ጉልበትም ጻፉ፤ አራት ቀን ለፍታችሁ 300 ብር ያተረፋችሁበትን ዕቃ ሁለተኛ አትገዙም።

6. ማጽዳት

ገዢ ለአሮጌነት ይከፍላል፤ ለቆሻሻ አይከፍልም። ግን አጸዳሁ ብላችሁ እንዳታበላሹት። ባናን ፀሐይ ላይ ዘርግታችሁ በብሩሽ ጥረጉ፤ ብልና እንቁላሉ ይራገፋል። ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃና በትንሽ ሻምፑ እጠቡ። ሙቅ ውኃ ካገኘው ይኮማተራል፤ የአልጋ የነበረው የሕፃን ይሆናል። አትጭመቁት፤ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግታችሁ በጥላ አድርቁ። ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ክረምት ከሆነ አራት።

የድሮ ብረትና እንጨት ላይ አዲስ ቀለም አትቀቡ። አንድ ጊዜ የከሰል ካውያ ጥቁር ቀለም ቀብቼ «አዲስ አስመሰልኩት» ብዬ ደስ አለኝ። አንድም የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ገዢው የፈለገው ያንን ዝገት የነካውን መልክ ነበር። አሁን በደረቅ ጨርቅና በትንሽ የምግብ ዘይት ብቻ እወለውላለሁ።

7. ፎቶ

ከጠዋቱ ሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ብርሃን፣ ደጅ ላይ፣ ጥላ ውስጥ አንሡ። የቤት ውስጥ አምፖል ነጩን ቢጫ ያደርገዋል። ከሥሩ አንድ ቀለም ያለው ነገር አንጥፉ፤ እኔ አሮጌ ሰሌን አለኝ፣ ሁሉንም እሱ ላይ አነሳለሁ። ሰው አሁን ሰሌኑን አይቶ የእኔ ዕቃ መሆኑን ያውቃል። ከኋላ የተሰጣ ልብስ ወይም የትናንት ድስት አይታይ።

አምስት ስድስት ፎቶ ይበቃል። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን፣ ጽሑፍ ያለበት ቦታ፣ እና ጉድለቱ። ጉድለቱን ቀረብ ብላችሁ፣ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጣችሁ አንሡ፤ መጠኑ ይታወቃል። የሚሠራ ዕቃ ከሆነ ሲሠራ የ15 ሰከንድ ቪዲዮ ቅረጹ። ድምፁን አታጥፉ፤ ሙዚቃም አትጨምሩበት።

አሁን የቴፑን ጉድ ልንገራችሁ። አንድ ባለ ሁለት ድምፅ ማጉያ ቴፕ ነበረኝ። ድምፁ ከፍ ሲል ግራው ይንጫጫል። «ማን በዚያ ልክ ይከፍተዋል» ብዬ ዝም አልኩ። ገዢው አዲስ አበባ ነው፤ 3,000 ብር ከፈለ። በማግሥቱ ደወለ። የመጀመሪያ ሥራው እስከ ጫፍ መክፈት ነበር! ገንዘቡን መለስኩ፣ መኪና የሄደበትንና የመጣበትን ከኪሴ ከፈልኩ፣ መንገድ ላይ ደግሞ የካሴት ክዳኑ ተሰብሮ መጣ። ቻናሌ ላይ የጻፈልኝን አስተያየት አላነብላችሁም። በኋላ ያንኑ ቴፕ «ግራው ይንጫጫል፣ ክዳኑ ተሰብሯል» ብዬ በ1,800 ለጠፍኩት። በሦስት ቀን ሄደ። ሬዲዮ ጠጋኝ ነው የገዛው፤ ለእሱ የድምፅ ማጉያው ችግር የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። እኛ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቀን ነው የምንሸጠው። ተመላሽ ዕቃ ሁለት ጊዜ መኪና ይሳፈራል። ጉድለቱን ቀድሞ መናገር ለእኔ ከሁሉ የረከሰው ኢንሹራንስ ነው።

8. ጽሑፉ

«ምርጥ ዕቃ፣ ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ማስታወቂያ ሳይ አልፈዋለሁ፤ እናንተም ታልፉታላችሁ። ዋጋ ጻፉ። ለክርክር ትንሽ ቦታ ያለው ዋጋ። «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚለው ቃል ደግሞ ከመብዛቱ የተነሣ ትርጉሙ ጠፍቷል፤ ስንት ዓመት እንደተሠራበት ጻፉ። የሲንጀሩ ማስታወቂያ እንዲህ ነበር፦

«በእጅ የሚዞር ሲንጀር ስፌት ማሽን። ይሠራል፤ ቪዲዮው ላይ ሲሰፋ ይታያል። የእንጨት ክዳኑ በግራ በኩል ተሰንጥቋል፣ ፎቶ 4 ይመልከቱ። ወርቃማ ቀለሙ ግማሽ በግማሽ ለቋል። ክብደቱ 12 ኪሎ ገደማ። ዋጋ 5,500፤ ትንሽ ቅናሽ አለው። ያለበት ደብረ ብርሃን። አዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ ድረስ እልካለሁ።»

ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ይህን ጽፋችሁም «አለ?» «የት ነው?» «ላስት ስንት?» የሚል መምጣቱ አይቀርም። መልሱት፣ አትናደዱ።

የት ይለጠፍ? እንደ ዕቃው ነው። ጃኬትና የተማሪ ዕቃ የከተማው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይሸጣል፤ አዲስ አበባ መላክ አያስፈልገውም። የቤት ዕቃ ፌስቡክ ማርኬትፕሌስና ጂጂ ላይ። ባና፣ የድሮ ማሽን፣ ፋኖስ የመሰለው ደግሞ ቲክቶክ ላይ ሲጸዳ የሚያሳይ ቪዲዮ ይወዳል፤ አቧራው ሲለቅ ማየት ሰው አይሰለቸውም። ከሁሉም ግን የራሳችሁ ቴሌግራም ቻናል ይኑራችሁ። የተሸጠውን አታጥፉት፤ «ተሸጧል» ብላችሁ ተዉት። አዲስ ሰው ወደ ላይ ወጥቶ ያንን ያያል። የሞባይል ኢንተርኔት የተቋረጠበትን ጊዜ ማንም የሰሜን ሸዋ ሰው አይረሳውም፤ ስለዚህ የደንበኛን ስልክ ቁጥር ደብተር ላይም ጻፉ። ያኔ እኔ በመደወል ብቻ ነው የሠራሁት።

9. ገንዘቡ

በአካል ከሆነ ቀን፣ ሰው ያለበት ቦታ፤ ባንክ በር ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ወደ ሌላ ከተማ ከሆነ እኔ የመኪናውንና የማሸጊያውን ያህል ቀብድ እቀበላለሁ፤ ቀሪው ዕቃው ደርሶ ሲታይ። ይህ ለገዢው እምነት ነው፤ ለእኔም ቢቀር የመኪናው አያሳስበኝም። ከ5,000 በላይ ለሆነ ግን ዕቃውን የሚያይልኝና ብሩ ሲገባ የሚያስረክብልኝ ሰው እዚያው አለኝ። የአክስቴ ልጅ ነው፤ በዕቃ 100 ብር።

የቴሌብር መልእክት ደረሰ ማለት ብር ገባ ማለት አይደለም። መናኸሪያ አጠገብ አንድ ልጅ ሁለት ጃኬት ገዛኝ። «መኪናዬ ሊሄድብኝ ነው» ይላል። ስልኬ ጢው አለ፤ «ተቀብለዋል» የሚል መልእክት፣ ስሜም አለበት። ሰጠሁት። ማታ ሳየው መልእክቱን የላከው ቴሌብር ሳይሆን ተራ የሞባይል ቁጥር ነው። አሁን መተግበሪያውን ከፍቼ ወይም *127# ደውዬ የራሴን ሒሳብ ሳላይ ዕቃ ከእጄ አይወጣም። የሰው ስክሪንሾት አላይም። የሚቸኩል ገዢ ከመጣ እኔ ቀስ እላለሁ።

10. አሽጎ መላክ

የሚሰበር ነገር በካርቶን ውስጥ ሲነቀነቅ መሰማት የለበትም። ክፍት ቦታውን በአሮጌ ጨርቅ ሙሉት። ባናና ልብስ በፌስታል ጠቅልላችሁ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ክተቱና አፉን ስፉት፤ የመኪና ጣሪያ ላይ ዝናብ አለ። የተቀባዩን ስምና ስልክ ከውጭም ከውስጥም ጻፉ። ከማሸጋችሁ በፊት አንድ ፎቶ፣ ካሸጋችሁ በኋላ አንድ ፎቶ።

መናኸሪያ ሄዳችሁ ለሹፌሩ ወይም ለረዳቱ ስታስረክቡ ታርጋውንና ስልኩን ያዙ፤ መነሻ ሰዓቱን ለገዢው ንገሩት። መኪናው ላምበረት ሲደርስ ገዢው እዚያ ይጠብቅ፤ ካልቻለ ሞተረኛ ይላክ። ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ የምትልኩ ከሆነ ቀን አትማሉ። «ነገ ይደርሳል» ከማለት «መንገዱ ደህና ከሆነ በሁለት ሦስት ቀን» ይሻላል። መንገድ ሲዘጋ ለገዢው ቀድማችሁ ደውሉ፤ ቀብዱን ልመልስ በሉት። አብዛኛው «ግዴለም፣ እጠብቃለሁ» ይላል።

ሥራው እየሰፋ፣ በየሳምንቱ የምትሸጡ ከሆነ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ንግድ ፈቃድ አውጡ። የከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የሥራ መደቡን ጠይቁ። መሥሪያ ቤቶች ጨረታ ላይ ለመግባትም ብዙ ጊዜ ይጠይቁታል።

ያልተሸጠውስ? እኔ ወር ሲሞላው ፎቶውን ቀይሬ ደግሜ እለጥፈዋለሁ። ሁለተኛ ወር ላይ ዋጋውን እቀንሳለሁ። ሦስተኛ ወር ላይ በገዛሁበት እጠይቃለሁ። ከዚያም ካልሄደ፣ ክፍሌ አንድ ናት፣ አልጋዬ ሥርም ሞልቷል። ቅዳሜ ጠዋት ድምፁን ስሰማ በሩን እከፍትና ቁራሌውን እጠራዋለሁ። ሚዛኑን ያወጣል። ቀለም የቀባሁትን ካውያ የወሰደልኝ እሱ ነው፤ በኪሎ።